ፋይሉ የት ደረሰ?

ከቤታቸው ሆነው ስለሚሠሩ የጥብቅና ቢሮ ሠራተኞች ባሕር ዳር ላይ ለሙያ ባልደረቦች ያደረግሁት ንግግር ነው። ጥቂት ድግግሞሽ አሳጥሬ የቀረውን እንደተናገርኩት አስቀምጬዋለሁ።

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ታላላቆቼ፣ ወጣት ጠበቆች፣ የሕግ ረዳቶች፣ ጸሐፊዎች፣ ጉዳይ ፈጻሚዎች፣ እንደምን አደራችሁ! ከጎንደር፣ ከደብረ ታቦር፣ ከደብረ ማርቆስ መንገዱ ሳይበግራችሁ የመጣችሁ፣ እንኳን በደህና ገባችሁ።

ስለ ጥብቅና ቢሮ ሲወራ ወሬው ሁሉ ስለ ጠበቃው ነው። ችሎት የሚቆመው እሱ ነው። ደንበኛው የሚያመሰግነውም እሱን ነው። ዛሬ ግን እንድናወራ የምፈልገው ከእሱ ጀርባ ስላሉት ነው። አቤቱታውን ስለምትተይበው፣ መዝገብ ቤት በር ላይ ስለሚሰለፈው፣ የሕግ ስህተት የሚያርመውን የሰበር ችሎት ውሳኔ ሲያገላብጥ ስለሚያመሸው ወጣት።

ጥያቄዬ አንድ ነው። እነዚህ ሰዎች ከዓይናችን ርቀው፣ ቤታቸው ሆነው ሲሠሩ፣ ልባቸው ከሥራው ጋር እንዲቆይ ምን እናድርግ?

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምር። አብዛኞቻችን ሠራተኛን ወደ ቤት መላክ የጀመርነው በ2012 ዓ.ም. ነው። መጋቢት ላይ ኮሮና ገባ። ፍርድ ቤቶች በከፊል ተዘጉ። ፋይሉን በፌስታል አንጠልጥለን ወደየቤታችን ሄድን። ያን ጊዜ ነገሩ የጥቂት ሳምንት ነው ብለን ነበር። በዓመቱ፣ በ2013 ዓ.ም.፣ የፌዴራሉ የጥብቅና አዋጅ ቁጥር 1249 ወጣ። ሁለትና ከዚያ በላይ ጠበቆች ተሰባስበው የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ በር የከፈተው ይህ አዋጅ ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ጠበቃ በየግሉ ነበር። ቢሮ ቢጋራ እንኳ የሚጋራው ኪራይና ጸሐፊ ነበር። አሁን እዚህ ባሕር ዳር ያለ ጠበቃ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አዲስ አበባ ያለ ሸሪክ ሊኖረው ይችላል። አንድ ፋይል ሁለት ሦስት ከተማ ያሉ ሰዎች ይይዙታል።

ስለዚህ ርቀቱ አብሮን የሚኖር ነገር ሆኗል። እኛ ግን ሠራተኛ የምንይዘው አሁንም አንድ ክፍል ውስጥ እንዳለን አድርገን ነው።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። የመጀመሪያው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። እሱ ነው በጣም የሚያሳስበኝ።

አንደኛው ይሄ ነው። ሠራተኛው የሠራው ሥራ የት እንደደረሰ ይወቅ። እደግመዋለሁ፤ የሠራው ሥራ የት እንደደረሰ ይወቅ።

አንዲት ወጣት የሕግ ባለሙያ ደብረ ማርቆስ ሆና አብራን ትሠራለች። ጎበዝ ልጅ ናት። ስትጀምር አንድ ረቂቅ ስትልክልኝ ከሥሩ ሦስት አራት ጥያቄ ታስከትል ነበር። «ይህን ደረሰኝ ለምን አናያይዘውም? ጎረቤትየዋን ምስክር ብንቆጥራትስ?» እያለች። ከጊዜ በኋላ ጥያቄዎቹ ቀሩ። ረቂቁ በሰዓቱ ይመጣል። ንጹሕ ነው፣ የፊደል ግድፈት እንኳ የለውም። ጥያቄ ግን የለም።

ልብ በሉልኝ። ሰው ልቡ ከሥራው ሲወጣ ቀድሞ የሚጠፋው ጥያቄው ነው። ሥራው የሚበላሸው ቆይቶ ነው። ሥራው ሲበላሽ ከጠበቅን ረፍዷል።

ደወልኩላት። ስለ ሥራ አላነሳሁባትም። ስለ ቤተሰቧ፣ ስለ ከተማው፣ ስለ ኑሮ ውድነቱ አወራን። በመጨረሻ ራሷ አነሳችው። «እትዬ፣ የጻፍኩት ምን እንደሆነ እኮ አላውቅም። ልኬ ዝም ነው። ጣና ውስጥ ድንጋይ የወረወርኩ ነው የሚመስለኝ» አለችኝ።

ይህቺን ቃል አልረሳትም። እስቲ አስቡት። ቢሮ ብትሆን ኖሮ ማንም ሳይነግራት ትሰማ ነበር። ጠበቃው ከችሎት ሲመለስ ገና ቦርሳውን ሳያስቀምጥ «መቃወሚያችንን ተቀበሉት!» ይላል። ጸሐፊዋ ትሰማለች፣ ረዳቱ ይሰማል፣ ሻይ ይዛ የገባችው ልጅ ሳትቀር ትሰማለች። ማንም ስብሰባ አልጠራም፣ ማንም ሪፖርት አልጻፈም። ግን ሁሉም ፋይሉ የት እንደደረሰ ያውቃል። ደብረ ማርቆስ ቤቷ የተቀመጠች ልጅ ይህን ከየት ትስማው? ካልነገርናት ከየትም አትሰማውም!

ስለዚህ አንድ ነገር ያዝን። ክርክር በነበረ ቀን ጠበቃው ከችሎት ወጥቶ ቢሮ ከመግባቱ በፊት፣ ባጃጅ ውስጥ ከመግባቱም በፊት፣ ረቂቁን ለሠራው ሰው ይደውላል። ዳኛው ምን ጠየቁ? ተቃራኒ ወገን የትኛውን አንቀጽ ይዞ መጣ? ቀጠሮው ለመቼ ነው? በቃ፣ ይቺው ናት። ሁለት ሦስት ደቂቃ ትበቃለች። በተጨማሪ ለፍርድ ቤት የገባው የመጨረሻው ጽሑፍ ለረቂቁ ባለቤት ተመልሶ ይላካል። የተሰረዘው ለምን እንደተሰረዘ አንድ መስመር ይጻፍበታል። «ይህን አንቀጽ ያወጣሁት ማስረጃ ስለሌለን ነው» የምትል አንድ መስመር ለወጣት ባለሙያ ከአንድ ወር ሥልጠና ትበልጥበታለች። ይህን ከልቤ ነው የምላችሁ።

ይህ ነገር ለደንበኛውም ነው። በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ይግባኝ የሚባለው በ60 ቀን ውስጥ ነው። በሥራ ክርክር ደግሞ በ30 ቀን። ቀኑን ካላንደር ላይ መጻፍ ማንም ይችላል። ግን «የውሳኔው ግልባጭ እስከ ዛሬ ለምን አልወጣም?» ብሎ ሳይጠየቅ የሚጠይቅ ማን ነው? ፋይሉን የእኔ ነው የሚል ሰው ነው። የላከው ሁሉ ጸጥ ብሎ የሚቀርበት ሰው ይህን አይጠይቅም። ደግሞም አትፍረዱበት።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። እኔ ሥራ የጀመርኩት እዚሁ ከተማ፣ አንድ ታላቅ ጠበቃ ዘንድ ነው። ጋሼ ነበር የምላቸው። ጋሼ አንድ ልማድ ነበራቸው። የትኛውም አቤቱታ መዝገብ ቤት ከመግባቱ በፊት «ነይ እስቲ፣ ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ» ይሉኛል። እሳቸው እርሳስ ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። አንድ ጊዜ የእርሻ ወሰን ክርክር ነበር። ሳነብ አንዱ ዓረፍተ ነገር ላይ ትንፋሽ አጠረኝ። መሐል ላይ ቆሜ አየር ሳብኩ። ዓይናቸውን ገለጡ። ወረቀቱን ከእጄ ተቀብለው እኔ የቆምኩበት ቦታ ላይ በእርሳስ አጭር መስመር አሰመሩ። «አንቺ የጻፍሽው አንቺን ካደከመሽ፣ በቀን ስንት መዝገብ የሚያዩትን ዳኛ ምን ያደርጋቸው ይሆን?» አሉኝ። ዓረፍተ ነገሩን ለሁለት ከፈልኩት። እስከ ዛሬ ስጽፍ በልቤ ጮክ ብዬ እያነበብኩ ነው።

ሙያችን እንዲህ ነው ከሰው ወደ ሰው የሚሄደው። ድሮም ቢሆን አባቶቻችን ዛፍ ጥላ ሥር በላ ልበልሃ ሲሉ፣ ሕዝቡ ከቦ እየሰማ ነበር ሙግት የሚለምደው። ወጣቱ አጠገብ ተቀምጦ ሰምቶ ነው ያወቀው። ዛሬ ወጣቱን ቤቱ አስቀምጠን ፋይል ብቻ የምንልክለት ከሆነ፣ የመስማቱን ዕድል ወስደንበታል። ይህን ልንመልስለት ይገባል።

እኛ የጋሼን ልማድ ወደ ስልክ አመጣነው። በሳምንት አንድ ጠዋት ሦስት አራት ሰው በአንድ ጥሪ ላይ ሆነን አንድ ረቂቅ ጮክ ተብሎ ይነበባል። የሚያነበው የጻፈው ሰው ነው። ቪዲዮ የለም፣ ስክሪን ማጋራት የለም። ድምፅ ብቻ። አንባቢው ትንፋሽ ሲያጥረው ሁላችንም እንሰማለን። የማይታመን ነገር ከተጻፈም ጆሮ ይይዘዋል። ደግሞ ድምፅ ዳታ አይበላም።

ስለ ዳታ ካነሳሁ አይቀር። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ የቆየባቸውን ወራት እዚህ ያለ ማንም አይረሳም። ዙም የለ፣ ቴሌግራም የለ፣ ኢሜይል የለ። ያኔ ብዙ ቢሮዎች ከሠራተኛቸው ጋር ተቆራረጡ። ያልተቆራረጡት የተወሰነ የመደወያ ሰዓት የነበራቸው ናቸው። ስልክ በሚሠራበት ቀን በዚያች ሰዓት ደወል ይደወላል። ጉዳይ ባይኖርም ይደወላል። እኔ ከዚያ ወዲህ ስለ ምርጥ አፕሊኬሽን ለሚጠይቀኝ ሰው መልሴ አንድ ነው። መጀመሪያ ሰዓት ቁረጥ፣ ሰዓቱንም አክብር።

አሁን ስለ ቁጥጥር ልናገር፤ አንዳንዶቻችሁ አትወዱልኝም። የሠራተኛውን ኮምፒውተር ስክሪን የሚቀዳ ፕሮግራም የሚያስጭኑ አሉ። ቴሌግራም ላይ ማን «ኦንላይን» እንደሆነ እያዩ የሚውሉ አሉ። እባካችሁ ተዉት! የሕግ ሥራ ምንድን ነው? ማንበብና ማሰብ ነው። አንድ ልጅ የሰበር ውሳኔ ቅጽ ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቶ ግማሽ ቀን ሲያነብ፣ ኮምፒውተሩ ሥራ ፈት ይለዋል። ያ ልጅ ግን ያን ቀን ክርክሩን እያሸነፈላችሁ ሊሆን ይችላል። የሰበር ሰሚ ችሎት የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን የሚያስገድድ ነው፤ አንድ ትክክለኛ ውሳኔ ማግኘት ስንት ገጽ ክርክር እንደሚያስቀር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጠይቁት፣ ቀን ስጡት፣ በቀኑ ተቀበሉት። የኮምፒውተሩን ማውስ ስንቴ እንዳንቀሳቀሰ አትቁጠሩበት።

እኛ አርብ ከሰዓት አንድ ሰው አንድ የሰበር ውሳኔ ለሁላችንም በስልክ ያስረዳል። ተራው ጸሐፊዎቻችንንም አይዘልም። አንዷ ጸሐፊያችን የቤት ሽያጭ ውል ላይ ያቀረበችው ማብራሪያ ከእኔ የተሻለ ነበር። ዓመታት ስትተይበው የኖረችው ነገር ነው። የጠየቃት ሰው አልነበረም እንጂ ታውቀዋለች።

ጉዳይ ፈጻሚውንስ? እሱ ቤቱ ሆኖ ሊሠራ አይችልም። መዝገብ ቤት በአካል ነው የሚቆመው። ሌላው ሰው ቤቱ ቡና እየጠጣ እሱ ፀሐይ ላይ ተሰልፎ ሲውል ቅር ቢለው ይፈረድበታል? አይፈረድበትም። ለእሱ ያደረግነው ይሄ ነው። ዜናውን ቀድሞ የሚናገረው እሱ ሆነ። ትእዛዝ ሲሰጥ፣ ቀጠሮ ሲለወጥ፣ መጥሪያ ሲወጣ፣ መዝገብ ቤቱ በር ላይ ቆሞ በድምፅ መልእክት ለሁሉም ይናገራል። እኔ እንኳ የምሰማው ከእሱ ነው። አሁን በየከተማው ያለው ሰው ሁሉ የሚደውለው ለእሱ ነው።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። የሠራተኛውን ቤት እወቁለት።

እኛ አገር ቤት የዋለ ሰው ሥራ ፈት ነው። በተለይ ሴት ከሆነች። ጎረቤት በር ላይ ቆማ «ቤት አይደለሽ እንዴ? ቡና ፈልቷል፣ ነይ!» ትላለች። እምቢ ካልሽ ኮራች ነው። ከሄድሽ ቶና፣ በረካ ስትይ ከሰዓቱ አለቀ። እዚህ ያላችሁ ሴቶች ስትስቁ አያለሁ፤ ታውቁታላችሁ።

እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ያለች አንዲት ጸሐፊያችን ከአማቷ ጋር ነው የምትኖረው። እማማ ደግ ሴት ናቸው። ግን ምራታቸው ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ስታፈጥ የምትጫወት መስሏቸዋል። እህል አስፈጭተሽ ነይ ይሏታል፤ ልጁን ያዥው ይሏታል። ልጅቷ ለሰው መናገር አፍራ ሌሊት ሌሊት ትተይብ ነበር። የሚመጣው ጽሑፍ የተላከበትን ሰዓት ሳይ ገባኝ። ዳቦ አስጋግሬ ቤታቸው ሄድኩ። እማማ ቡና አፈሉ። «እማማ፣ እኔ የመጣሁት ላመሰግንዎት ነው። ልጅዎት የምትጽፈው ወረቀት ፍርድ ቤት ይገባል። አንዲት ፊደል ብትሳሳት የሰው መሬት ሊሄድ ይችላል። እርስዎ ጸጥታ ስለሰጧት ነው የምትሠራው» አልኳቸው። እማማ ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ጎረቤትን በር ላይ የሚመልሱት እሳቸው ናቸው!

ሁሉም ሠራተኛ ቤት ዳቦ ይዛችሁ ሂዱ አልልም። ግን ጠይቁ። የምትሠሪበት ክፍል በር አለው? መብራት የሚጠፋው መቼ መቼ ነው? ልጅ የሚይዝልሽ አለ? ይህን ሳታውቁ «ለምን ዘገየሽ?» ማለት በደል ነው።

ምስጢርም እዚሁ ይገባል። የደንበኛን ምስጢር መጠበቅ ግዴታችን ነው፤ ሠራተኛው ቤት ሲሆን ደግሞ ፋይሉ ከቤተሰብ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ያድራል። የሚቆለፍ ሳጥን ግዙለት። ውድ ዕቃ አይደለም። ስልክ ላይ የደንበኛ ስም አይጠራ፣ የመዝገብ ቁጥር ይበቃል። ጣና ዳር ካፌ ተቀምጦ ስለ ፍቺ ጉዳይ ማውራት ክልክል ይሁን። ይህ ከተማ ሰፊ ይመስላል እንጂ ኋላ ያለው ጠረጴዛ ላይ የባልየው አጎት ሊኖር ይችላል። ሠራተኛ ሕጉ ቁርጥ ብሎ ሲነገረው እንደታመነ ይሰማዋል። እየገመተ ሲሠራ ግን ይፈራል፤ የፈራ ሰው ደግሞ ዝም ይላል።

በአካል መገናኘትንም አትተዉ። ከነሐሴ እስከ መስከረም መጨረሻ ፍርድ ቤት በከፊል ሲዘጋ እኛ ሁሉንም ሰው ባሕር ዳር እንሰበስባለን። ጠዋት ዓመቱን ሙሉ ያስቸገሩንን መዝገቦች እናነሳለን። ከሰዓት በጀልባ ዘጌ ነው፣ ወይም ሐይቁ ዳር አሳ ጥብስ ነው። በስልክ ብቻ የሚተዋወቁ ሰዎች አንድ ገበታ ላይ እጃቸውን ሲዘረጉ ማየት ደስ ይላል። ከዚያ በኋላ ስልክ ሲደዋወሉ ድምፃቸው ራሱ ይለወጣል።

ሦስተኛው አጭር ነው፤ ግን ለእኛ ለሕግ ሰዎች የሚያሳፍር ነው። ለሰው ሁሉ ውል የምናዘጋጅ ሰዎች፣ ቤቱ ሆኖ ከሚሠራው ሠራተኛችን ጋር የተጻፈ ነገር አለን? እስቲ እጅ አውጡ።

አያችሁ?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ በቤቱ ወይም ራሱ በመረጠው ቦታ፣ ያለ አሠሪው ቀጥተኛ ቁጥጥር ለሚሠራው ሥራ የራሱ ድንጋጌ አለው። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። ያልተቆራረጠ የ24 ሰዓት ሳምንታዊ እረፍት አለ። የትርፍ ሰዓት ክፍያ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የሰዓቱ ደመወዝ በ1.5፣ ከዚያ በኋላ እስከ ንጋት በ1.75፣ በእረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ተባዝቶ ነው። ይህን ለደንበኞቻችን ችሎት ቆመን እንከራከርበታለን። ከዚያ እሑድ ማታ 3 ሰዓት ለረዳታችን «ነገ ጠዋት እንዲደርስልኝ» ብለን እንጽፋለን። ለምን? ቤቷ ስለሆነች ነዋ! ይህ አይሆንም። ነገ ጠዋት የሚደርስ ነገር ካለ ሥራ ነው፣ ሥራ ከሆነ ይከፈላል።

ወጪውም ይጻፍ። የኢንተርኔት ፓኬጁን ማን ይሞላል? ላፕቶፑ ሲበላሽ ማን ያሠራዋል? መብራት ሲጠፋ ቢሮ መጥታ ትሠራለች ወይስ ቀኑ ይያዝላታል? ደመወዟ ላይ በየወሩ ካርድ እየሞላች የቢሮውን ሥራ የምትሠራ ልጅ አፍ አውጥታ አትናገራችሁም። ልቧ ግን ይቆጥራል።

እኛ የምንጠቀምበትን የውል ረቂቅ አሳትሜ ይዤ መጥቻለሁ። ሁለት ገጽ ናት። መውጫው በር አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አለ። ስለ ምስጢርና ስለ ወጪ የሚለው ክፍል ገና ይቀረዋል፣ ጎደለ የምትሉትን እዚያው ላይ ጻፉበትና ለእኔ መልሱልኝ። ከሻይ በኋላ አንድ በአንድ እናየዋለን። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።